ጎመን በጤና፦ ለእንግዶቻችን ምን ብለን እንጻፍላቸው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ያደረገችው ንግግር)

 

ባለፈው ዓመት ለኮሚቴያችን አንድ ሥራ ተሰጥቶት ነበር። ወደ ሆሳዕናና በዙሪያችን ወዳሉት የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ለሚመጣ እንግዳ፣ ከቤቱ ሳይነሳ የሚደርሰው አንድ የመረጃ ወረቀት አዘጋጁ ተባልን። ቀላል መስሎን ነበር። መንገዱን እንጽፋለን፣ ማደሪያውን እንጽፋለን፣ አለቀ። ሥራው ግን ሦስት ስብሰባ ፈጀብን። የተከራከርነው በመንገዱ አይደለም። የተከራከርነው "ውሃ አንዳንድ ቀን ይጠፋል" ብለን እንጻፍ ወይስ ዝም እንበል በሚለው ነው። አንዲት እናት "ጉዳችንን ጽፈን ከላክን ማን ይመጣል?" አሉ። ሌላዋ ደግሞ "ሳንነግረው መጥቶ ካየውስ?" ብላ መለሰች። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት የሁለተኛዋን ሐሳብ ይዤ ነው። ምክንያቴን ላስረዳ፤ ከዚያ የወረቀቱን ረቂቅ አነብላችኋለሁ፤ በመጨረሻ ውሳኔ የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ።

አንድ ቀን ሙሉ የጠበቅናት እንግዳ

ከአራት ዓመት በፊት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከአንድ ደጋፊ ድርጅት አንዲት ሴት ልትጎበኘን መጣች። ቀኑን ተስማምተን "በ3 ሰዓት እንጠብቅሻለን" ብለን ጻፍንላት። ጠዋት መሆኑን አልጻፍንም። ለእኛ ግልጽ ነበራ። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር፤ ቢሆንም ሁላችንም ታጥበን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ተቀመጥን። 4 ሰዓት ሆነ። 5 ሰዓት ሆነ። ቅቤዋን ለገበያ አዘጋጅታ የነበረች አንዲት አባል በፌስታል ይዛው ተቀምጣ ነበርና በእጇ ላይ ቀለጠ። አራስ ልጅ የያዘች ሌላ እኅት ሁለት ጊዜ ወጥታ ተመለሰች። ከቀትር በኋላ ግማሹ ሰው ወደ ቤቱ ሄደ።

እንግዳዋ በ9 ሰዓት ደረሰች። ፈገግ ብላ "በሰዓቴ መጣሁ" አለችን። እውነቷን ነው። በእሷ አገር አቆጣጠር 3 ሰዓት ማለት የእኛ 9 ሰዓት ነው። እኛም ፈገግ አልን። አንዳችንም የሆነውን አልነገርናትም፤ እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው ብለን። በኋላ በጻፈችው ሪፖርት ላይ ከአባላቱ ብዙዎቹ እንዳልተገኙና ተሳትፏችን የቀዘቀዘ እንደሚመስል ገልጻ ነበር። ለዚያ ዓመት የታሰበልን የተዘዋዋሪ ብድር ገንዘብ ጥያቄ ተነሥቶበት ዘገየ። የዘገየው ገንዘብ የስንቶቻችንን የበግና የዶሮ ሥራ እንዳዘገየ ታውቃላችሁ።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። አንድ ቃል ያልጻፍነው እኛ ነን፤ ከመጣች በኋላም እውነቱን ያልነገርናት እኛው ነን። ስለዚህ በወረቀታችን ላይ መንገድም ማደሪያም ሳይጻፍ የሚቀድመው ሰዓት ነው ብለናል።

ማዕበሉን የማይደብቁ ደሴቶች

ከኮሚቴያችን በዕድሜ ትንሿ፣ ጸሐፊያችን፣ በስብሰባው ላይ አንድ ነገር አመጣችልን። በካሪቢያን ባሕር ያሉ ትንንሽ ደሴቶች ለጎብኚ የሚያዘጋጁትን መረጃ በስልኳ አንብባ ተረጎመችልን። እነዚያ ደሴቶች ብዙዎቹ እንጀራቸው ጎብኚ ነው። እንግዳ ከቀረባቸው የሆቴል ሠራተኛዋም፣ አሣ አጥማጁም፣ ታክሲ ነጂውም ሥራ ይፈታል። ታዲያ መረጃቸውን ስትሰሙት ነጩን አሸዋ ብቻ አይደለም የሚያወሩት። የከባድ አውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ እንደሆነ ፊት ለፊት ይነግራሉ። የቧንቧው ውሃ ይጠጣ አይጠጣ፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያው የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል፣ ለታክሲ ነጂ ዋጋ ሳይነጋገሩ መሳፈር እንደማይገባ ይጽፋሉ። እንግዳውም ይህን አንብቦ ወሩን መርጦ ይመጣል።

እነሱ ቤት የሚያፈርስ ነፋሳቸውን ካልደበቁ፣ እኛ የቧንቧ ውሃ መጥፋቱን እንደብቅ? ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የተቃወሙት እናት ራሳቸው ሳቁ። ክርክራችን ያበቃው በዚያ ነው።

አሁን ረቂቁን ላንብብላችሁ። ለእንግዳው የተጻፈ ስለሆነ እንደ እንግዳ ሆናችሁ ስሙት።

ስለ ሰዓትና ቀን

በእኛ ዘንድ ቀን የሚቆጠረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። እናንተ ጠዋት 7 ስትሉ እኛ 1 ሰዓት እንላለን፤ እናንተ ቀን 12 ስትሉ እኛ 6 ሰዓት እንላለን። ልዩነቱ ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ነው። ከማኅበራችን የሚደርሳችሁ ማንኛውም ቀጠሮ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል። በአንዱ ብቻ ከተጻፈ መልሳችሁ ጠይቁን፤ አንቀየምም። የአውቶቡስ ትኬት ላይ የምታዩት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የእኛው አቆጣጠር ነው።

ዓመታችን 13 ወር አለው፤ ከእናንተም በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል። አዲስ ዓመታችን መስከረም 1 ሲሆን በእናንተ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 12 ይሆናል። መስቀል መስከረም 17 ነው፤ በእናንተ ሴፕቴምበር 27፣ በዚያው በአራት ዓመቱ 28።

ስለ መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና የሚመጣ ሰው በየብስ ነው የሚመጣው። በዓለም ገና፣ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ያለው መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ እኅቶቼ፣ አንድ ነገር ልናገር። እንግዳ "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ሲለን "ቅርብ ነው፣ ሦስት ሰዓት" ማለት ልማዳችን ሆኗል። እንዳይደክመው አስበን ነው። እንግዳው ግን ይህን ይዞ በዚያው ቀን ልመለስ ብሎ ያቅድና ማታ በጨለማ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ በግል መኪና አራት ወይም አምስት ሰዓት፣ በሕዝብ ማመላለሻ ከዚያም በላይ አስቡ። በዚያው ቀን ለመመለስ አታቅዱ። በሌሊት አትጓዙ፤ በመንገዱ ላይ ከብትም፣ ጋሪም፣ መብራት የሌለው ተሽከርካሪም አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ስለ መንገዱ ሁኔታ ደውላችሁ ጠይቁን፤ የሰማነውን እንነግራችኋለን። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ከእጃችሁ አይለይ፤ በኬላ ትጠየቃላችሁ።

ሚኒባስ ሲሞላ ነው የሚነሳው። ጠዋት በማለዳ መናኸሪያ የደረሰ ቶሎ ይሄዳል፤ ረፋድ ላይ የደረሰ ይጠብቃል። ዱራሜ ለሚሄድ ሰው ሌላም መንገድ አለ፤ በሻሸመኔና በሀላባ ቁሊቶ በኩል። ከሀላባ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ሾኔ አለች። በከተማ ውስጥ ባጃጅ ይበቃችኋል፤ ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ።

የቆየ ካርታ የያዛችሁ አትደናገጡ። አካባቢያችን በቀድሞው ካርታ "ደቡብ" ተብሎ ነው የተጻፈው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆነናል፤ ሆሳዕናም የክልሉ መቀመጫ ናት። ዋቸሞ የሚለውን ስም ብትሰሙ ደግሞ የከተማችን የቀድሞ ስም ነው፤ ዩኒቨርሲቲያችን የሚጠራውም በዚሁ ነው።

በመንገዱ ላይ ጊዜ ካላችሁ የሚታይ አለ። ቡታጅራ ሳትደርሱ የጥያ ትክል ድንጋዮችን ታገኛላችሁ፤ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከዚያም በፊት፣ ወደ አዲስ አበባ ቀረብ ብሎ፣ የጥንት ሰው መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጡሬ አለ፤ እሱም በ2016 ዓ.ም. ተመዝግቧል። እኛ ዘንድ ከደረሳችሁ በኋላ የከምባታውን አምበሪቾ ተራራ መውጣት ትችላላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን 777 ደረጃ ተሠርቶለታል። ውሃና ጥሩ ጫማ ያዙ፤ በማለዳ ውጡ። ከወላይታ ጋር በምንዋሰንበት በኩል ደግሞ የአጆራ መንትያ ፏፏቴ አለ፤ ከክረምት በኋላ ውሃው ሞልቶ ሲወርድ ማየት ነው።

ስለ ገንዘብና ስለ ስልክ

ብር ያዙ። በሆሳዕና ባንኮችና የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች አሉ፤ ነገር ግን መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ማሽኑ አይሠራም። ወደ ገጠር ቀበሌ ስትወጡ በካርድ የሚቀበል ሱቅ አትፈልጉ። ብዙ ነጋዴ ቴሌብር ይቀበላል፤ የአገር ውስጥ ሲም ካርድ ካወጣችሁ ይጠቅማችኋል። የውጭ ገንዘብ በባንክ ብቻ መንዝሩ። የምንዛሬ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን ይለዋወጣል፤ በወረቀታችን ላይ የምንጽፈው ዋጋ ሁሉ በብር ይሆናል፣ የተጻፈበት ወርም ከጎኑ ይቀመጣል።

ስለ ማደሪያ፣ ውሃና ጤና

በሆሳዕናም በዱራሜም መካከለኛ ሆቴሎች አሉ። ንጹሕ አልጋና ሙቅ ምግብ ታገኛላችሁ። ሙቅ ውሃ ግን ሁልጊዜ አለ ብለን አንዋሽም። ውሃ አንዳንድ ቀን ይጠፋል፤ መብራትም እንዲሁ። የእጅ ባትሪ ያዙ። የስልክ ባትሪ ማታ ሙሉ። ኤሌክትሪኩ 220 ቮልት ነው።

የምትጠጡት የታሸገ ወይም የፈላ ውሃ ይሁን። ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ያለች ደጋማ ከተማ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ሹራብ ያዙ። ከሩቅ የመጣ ሰው የመጀመሪያው ቀን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፤ ቀስ ብሎ ይሂድ። ወደ ግቤ በኩል፣ ወደ ሀላባና ወደ በዳዋቾ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ግን ወባ አለ፤ አጎበርና የሐኪማችሁ ምክር ያስፈልጋችኋል። የዘወትር መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ለሙሉ ቆይታችሁ የሚበቃ ይዛችሁ ኑ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ የገጠሩ መንገድ ይጨቀያል። መንደሮቻችንን ማየት ለሚፈልግ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል።

ስለ መጸዳጃም ጽፈናል፤ ሴት እንግዶች ጠይቀው ለማያውቁት ለዚህ ነገር። የቡድኖቻችን መሰብሰቢያ ቤቶች የጉድጓድ መጸዳጃ ነው ያላቸው። ወረቀት ያዙ። ስትፈልጉ ለአጠገባችሁ ሴት ንገሯት፤ ትወስዳችኋለች። አትፈሩ።

ይህን ክፍል ያነበብኩላቸው አንድ የቀድሞ ደጋፊያችን በስልክ ምን አሉኝ መሰላችሁ? "ይህን ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ በመጀመሪያው ጉብኝቴ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳልጠጣ ባልዋልኩ" አሉኝ። እኛ ያን ቀን ሻያችንን አልጠጡልንም ብለን ተቀይመን ነበር።

ስለ በዓል ሰሞን

የመስቀል ሰሞን በሀዲያ ያሆዴ ነው፣ በከምባታ መሳላ ነው። ያኔ አገሩ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከአዲስ አበባም፣ ከሐዋሳም፣ ከደቡብ አፍሪካም ልጆቻችን ይመጣሉ። መኪና ይጠፋል፣ አልጋ ይጠፋል። በዚያ ሰሞን መምጣት የሚፈልግ እንግዳ ብዙ ሳምንት ቀድሞ ይንገረን። ለሥራ ጉብኝት ከሆነ ግን በዚያ ሳምንት አትምጡ፤ ስብሰባ የሚቀመጥልህ ሰው አታገኝም።

ከደቡብ አፍሪካ ለሚመጡት ልጆቻችንም አንድ መስመር ጨምረናል። እነሱም እንግዳ ሆነዋል። እዚህ ከወጡ ብዙ ዓመት የሆናቸው አሉ፤ በዚያ የተወለዱ ልጆች ይዘው ይመጣሉ። ልጁ አያቱን ሰላም የሚልበት አንድ የሀዲይሳ ወይም የከምባትሳ ቃል ይማርና ይምጣ። ከሻንጣው ሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ነው።

ስለ ምግብ፣ ስለ በግና ስለ ዕዳ

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደረስኩ። ይህን ለደጋፊዎቻችንም ለእኛም ነው የምናገረው፤ ደጋፊዎቻችን አትቀየሙኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቡድናችን እንግዶች ሊጎበኙት ሆነ። የቡድኑ ገንዘብ ያዥ ቤት ነው የተመረጠው። ያቺ እኅታችን ምን አደረገች? ከቡድኑ ሣጥን ተበደረች። በግ ገዛች፣ ሁለት ኪሎ ቅቤ ገዛች፣ ለስላሳ መጠጥ በሣጥን አስመጣች፣ ከጎረቤት ሶፋ ተዋሰች። እንግዶቹ መጡ። አንዷ ሥጋ አትበላም። ሌላው ሆዱን አሞታል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀምሰው አመሰገኑ። ሲወጡ አንደኛው ለሌላው "ይህ ቤት እኮ ደህና ነው፤ ድጋፍ የሚያስፈልገው አይመስልም" ሲል አስተርጓሚው ሰማ። እኅታችን ያንን ብድር ከፍላ እስክትጨርስ ስምንት ወር ፈጀባት። ለልጇ ደብተርና ዩኒፎርም ያሰበችው በዚያ ውስጥ ገባ።

እኔ ይህን ስሰማ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ሁላችንም ያደረግነው ስለሆነ ነው። እናቶቻችን በዊጆ ቅቤ ያጠራቀሙት ለመስቀል ነበር። ተራ በተራ ሰጥተው ተራ በተራ ተቀብለው፣ ማንም በበዓሉ ቀን አታካና ሳይሠራ እንዳይቀር ነው። ማንንም ዕዳ ውስጥ አስገብተው አያውቁም። የእኛም ማኅበር የዚያ ልጅ ነው። ታዲያ ከማኅበራችን ሣጥን ተበድረን ድህነታችንን ከእንግዳ የምንደብቅ ከሆነ፣ ሣጥኑ ለምን ተከፈተ?

ስለዚህ ረቂቁ ለእንግዳው እንዲህ ይላል፦ በጉብኝታችሁ ቀን ምሳ የሚያዘጋጅላችሁ ማኅበሩ ነው። ምግቡ በዚያ ወር በቤታችን የሚበላው ነው፦ ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ፣ ዳጣ፣ ቡና። ቆጮ ማለት ከእንሰት የሚዘጋጅ ነው፤ ሴቶች ፍቀው፣ ቀብረው፣ አብኩተው ይጋግሩታል። ብዙ ወራት የፈጀ የእጅ ሥራ ነው የምትበሉት። ሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ ቢከብዳችሁ አታፍሩ፤ ትንሽ ቅመሱ። የማትበሉት ነገር ካለ ቀድማችሁ ንገሩን። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾም ወራትም፣ ኦርቶዶክሶች ወተትና ሥጋ አይበሉም፤ ሙስሊም እኅቶቻችንም ከእኛ ጋር ናቸው፤ በማዕድ ላይ ይህን አስቡ። ለምሳው ዋጋው ተጽፏል፤ ለማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ከፍላችሁ ደረሰኝ ውሰዱ። ከገንዘቡ ምግቡን ያዘጋጁት ሴቶች ይከፈላቸዋል፣ የቀረው ሣጥን ይገባል። በግል ቤት ብትጋበዙ ቡና ጠጡ፣ በግ ግን እንዳይታረድላችሁ እናንተው ንገሩ።

"እንግዳን ምግብ ማስከፈል ነውር ነው" የሚል ተነሥቷል። ይህ ለጎረቤትና ለዘመድ እውነት ነው፤ ነውሩም ይቆይልን። ለሥራ ጉብኝት የመጣ ሰው ግን ሆቴል ይከፍላል፣ ለመኪና ይከፍላል፣ ለአስተርጓሚ ይከፍላል። ሳይከፈላት የምትቀረው ወጥ ቤት የቆመችው ሴት ብቻ ለምን ትሆናለች? አባቶቻችን "ጎመን በጤና" ያሉት አለነገር አይደለም። ያለ ዕዳ የቀረበ ጎመን ለአቅራቢዋም ለበዪውም ጤና ነው።

ስለ ፎቶግራፍና ስጦታ

አንዲት እናታችን እንሰት ስትፍቅ ፎቶ ተነሣች። እንሰት የሚፋቀው ተቀምጦ፣ አንድ እግር ከፍ አድርጎ ቅጠሉን በእግር ተጭኖ መሆኑን ታውቃላችሁ። በሥራ ላይ ነበሩ፣ ቀሚሳቸው ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። ማን እንዳነሣቸው አላዩም። ከዓመት በኋላ በከተማ የሚማር ልጃቸው ያንን ፎቶ በስልኩ ላይ አየው፤ ከሥሩ ስለ ድህነት ተጽፎበት። ልጁ እናቱን "ለምን ፈቀድሽ?" አላቸው። ማን ጠይቋቸው!

ረቂቁ አጭር ነው፦ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። እምቢ ስትል ተዉ። እሺ ስትል ነጠላዋን እስክታስተካክል ጠብቁ፤ ፎቶውን አሳዩአት፤ የት እንደምታወጡት ንገሯት። የሕፃናትን ፎቶ ያለ እናታቸው ፈቃድ አታንሱ።

ስጦታም እንዲሁ። በመንገድ ላይ ለልጆች ብርና ከረሜላ አትስጡ፤ ነገ ትምህርት ቤት ትተው መኪና ይከተላሉ። መስጠት የፈለጋችሁ በትምህርት ቤቱ ወይም በማኅበሩ በኩል ስጡ። ከእኛ የምትገዙት ስፌት፣ የምትገዙት ቡናና ማር አለ፤ በተጻፈው ዋጋ ግዙ። ከምትሰጡን አሮጌ ልብስ ይልቅ አንድ ሰፌድ ብትገዙን ደስ ይለናል።

እውነት መናገር ለእኛ አዲስ አይደለም

ልጨርስ ነው። "ጉዳችንን ለውጭ ሰው መጻፍ" የሚለው ፍርሃት አሁንም በአንዳንዶቻችን ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ግን የት እንደተቀመጥን አስታውሱ። ጎረቤታችን ከምባታ ናት። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማን የመሠረተችው በዚያ ነው፤ በአውሮፓውያን 1997 ዓ.ም.። በየቀበሌው የማኅበረሰብ ውይይት ተብሎ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሴቷ አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ከዚያ በፊት በአደባባይ ስሙ ተጠርቶ የማያውቀውን የሴት ልጅ ግርዛትና ጠለፋ ተነጋገሩ። ብዙ ሰው ያን ጊዜ "ይህ ከቤት የማይወጣ ጉድ ነው" ብሎ ነበር። ወጣ፤ በመውጣቱም ብዙ ሴት ልጆች ዳኑ። እሷ በ2012 ዓ.ም. ብታርፍም ከዓለም ዙሪያ ሰው ወደ ዱራሜ የመጣው ያንን ሊያይ እንጂ በግ ሊበላ አልነበረም። ያንን የተናገሩ እናቶች ልጆች ሆነን "ውሃ ማክሰኞ ይጠፋል" ማለት ያቅተን?

እንግዳ የሚመጣው እኛን ለማየት ነው። ስለዚህ እንደምንኖረው ሆነን እንታይ።

ከጉባኤው የምጠይቀው ውሳኔ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ይህ ወረቀት በአማርኛ፣ በሀዲይሳ፣ በከምባትሳና በእንግሊዝኛ እንዲባዛ፤ ዋጋውና የመንገዱ ሁኔታ በየስድስት ወሩ እንዲታረም።

ሁለተኛ፣ ለእንግዳ መቀበያ ተብሎ ከቡድን ሣጥን ብድር እንዳይሰጥ። የተበደረች ካለች የቡድኑ መሪ ተጠያቂ ትሁን፤ እሷም ባለማወቅ ያደረገችው እንጂ በክፋት አይደለምና ቁጣው ቀለል ይበል።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም ጉብኝት ሲያበቃ አንዲት አባል ለእንግዳው በግልጽ እንድትነግረው፦ ምን እንደተመቸን፣ ምን እንዳልተመቸን። እሱም እንዲነግረን። ያን ቀን ስድስት ሰዓት የጠበቅናት ሴት ይህን ብንነግራት ኖሮ ሪፖርቷን በሌላ መንገድ ትጽፈው ነበር።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ ምሳ ጎመንና ቆጮ ነው። ዋጋው በበሩ ላይ ተለጥፏል። ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይዛ ቆማለች፤ መጀመሪያ ጊዜዋ ስለሆነ ታፍራለች፤ እባካችሁ እናንተው ቀድማችሁ ጠይቋት።